ከዜሮ በታች አሥራ ስምንት

ቃሊቲ ነው ቦታው፤ ከባቡሩ ሐዲድ ወረድ ብሎ፣
ከሲሚንቶ መጋዘን ጀርባ፣ በግንብ አጥር ተከልሎ፣
አንድ በር አለ፣ ወፍራም፣ እንደ ፍራሽ የተደለደለ፤
እጀታውን ስቤ ስገባ ፀሐይ የሚባል ነገር የለ።
መስከረም ይጥባ፣ ሚያዝያ ይንደድ፣ ለኔ ምን ለውጥ አለው?
የኔ ወር አንድ ነው፤ ቁጥሩም በሩ ላይ በቀይ የሚበራው፦
ከዜሮ በታች አሥራ ስምንት።

እዚያ ነው የምውለው፤ ዶሮና ዓሣ ስደረድር፣
ዐረብ አገር የሚሻገር የበግ ሥጋ ስቆጥር።
ጢሜ በሩብ ሰዓት ይሸብታል፤ ወጥቼ ግንቡን ስደገፍ
መልሼ ጎረምሳ እሆናለሁ፣ አመዳዩ ሲረግፍ።
ጉተማ ይስቃል፦ «በቀን ስምንት ጊዜ ታረጃለህ፤
ታዲያ ጡረታ መቼ ትወጣለህ?»

ካፖርቱን የገዛሁት ሳሪስ ነው፣ ከዘርፌ የቦንዳ ክምር፣
ተከራክሬ፣ ጥዬ ሄጄ፣ ተመልሼ፣ በስድስት መቶ ብር።
«በዚህ ሐሩር?» አለኝ ረዳቱ፣ ታክሲው ውስጥ፣ ሰው ፊት፤
«ለሥራ ነው» ብዬ ዝም አልኩ፣ መስኮት መስኮቱን በማየት።
በውስጥ ኪሱ ወረቀት ነበር፣ በማላውቀው ቋንቋ የታተመ፣
የአውቶብስ ቲኬት ይመስላል፣ ዳሩ የተሸረመመ፤
ከሱም ጋር አንዲት የልጅ ጓንት፣ ቀይ፣ ከሱፍ የተሠራች፣
አውራ ጣቷ ላይ በሰማያዊ ክር የተጠቀመች።

ከዚያ ወዲህ ሥጋ ስቆጥር ሰውዬውን አስባለሁ።
ስሙን አላውቅም፤ ትከሻው ግን ከኔ እንደሚሰፋ አውቃለሁ።
በጠዋት ይነሳል፤ ጠዋት ይበሉት እንጂ ጨለማ ነው።
በሩ አልከፈት ይለዋል፤
ሌሊቱን የወረደው ነጭ ነገር ተደግፎታል።
እኛ በሐምሌ ለጎርፍ ቦይ እንደምንቀድ
እሱም አካፋ ይዞ ከደጃፉ መንገድ ይቀዳል።
መኪናው ያስላል፣ አይነሳም።
ልጁ በሦስት ልብስ ተጠቅልላ፣ ዓይኗ ብቻ ቀርቶ፣
አንዱ ጓንቷ የት እንደገባ ትጠየቃለች።

የኛ በረዶ ቆርቆሮ ደብድቦ፣ አዋጅ አስነግሮ ነው የሚመጣ፤
ጎመኑን በሳስቶ፣ ሩብ ሰዓት ሳይሞላ፣ በቦዩ ነው የሚወጣ።
የነሱ ግን ኮቴ የለውም።
እንደ ዕዳ ነው፤ ስትተኛ ይከመራል።

እንዴት ይኖራል? እላለሁ። መልሼ እስቃለሁ፤ እኔስ?
ብርድ ከጆሮ እንደሚጀምር፣ ከዚያ ሐሳብን እንደሚያዘገይ፣
ያኔ ሳይሟገቱ መውጣት እንደሚሻል፣
ብረት የያዘ ጣት በትንፋሽ እንጂ በጉልበት እንደማይላቀቅ፣
ረስተኸው ያደረ ብርቱካን የድንጋይ ኳስ ሆኖ እንደሚጠብቅ፣
ይህን ከጎረቤቶቼ አንድም የሚያውቅ የለም።
እሱ ያውቅ ይሆናል።

ማታ ልጄ ሲፈን ትጠይቀኛለች፦
«አባ፣ እዚያ ውስጥ ይዘንባል?»
«አይዘንብም።»
«ታዲያ ምኑን ክረምት ሆነ?»
መልስ የለኝም። ክረምት ያለ ጭቃ፣ ያለ ዕንቁራሪት፣
ያለ ትምህርት ቤት መዘጋት፣ ምን ብዬ ላስረዳት?

አንዳንዴ መብራት ይጠፋል። ከጣራው ቧንቧ ጠብ፣ ጠብ ይላል።
ሥራ አስኪያጁ ናፍጣ ናፍጣ እያለ ይሮጣል።
ጀነሬተሩ እስኪያጉረመርም ሁላችን ጨለማ ውስጥ እንቆማለን፤
እኔ ግን፣ እውነት ለመናገር፣ ያቺን ጠብታ እወዳታለሁ።

ጓንቷን ሲፈን ሞክራት ነበር፤ ጠበበቻት።
«ሌላኛዋስ?» ብላ መለሰችልኝ።
በማግሥቱ ከበሩ አጠገብ፣ ከመዝገቡ በላይ፣
ምስማር ላይ ሰቀልኳት፣ አውራ ጣቷን ወደ ላይ።
ጉተማ ያን ቀን አልሳቀም።
የጠፋ ነገር ዓይን የሚያርፍበት ቦታ ይቀመጣል፤ ወጉ ነው፤
ባለቤቱ ባያልፍም።

ይኸው ሁለት ዓመቷ።
በሩ ሲከፈት ጉሙ ወጥቶ ይነካታል፣ ትወዛወዛለች፤
እኔም ስገባ ቀና ብዬ አያታለሁ፤
የቀኝ ትሁን የግራ፣ እስካሁን አልለየሁም።